መካሪ፣ አማካሪ፣ ተማካሪ

መ፣ ከ፣ ረ። ከእነዚህ ሦስት ፊደላት የወጡት ቃላት ከቤተ መንግሥት እስከ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሞልተዋል። ግእዙ መከረ ብሎ ሲጀምር ዛሬ ‹ምክር ሰጠ› የምንለውን ብቻ አያስብም። አሰበ፣ ዐቀደ፣ ከሌላው ጋር ተነጋግሮ ቆረጠ ማለት ሁሉ አለበት። ስለዚህ በጥንቱ ንባብ ምክር የሚባለው ሽማግሌ ለጎረምሳ የሚያወርደው ቃል ብቻ ሳይሆን ዕቅድም ውሳኔም ነው። የዳዊት የመጀመሪያው መዝሙር ኃጢአተኞችንም ባለ ምክር ያደርጋቸዋል። ዐረብኛው መከረ ደግሞ በእነዚሁ ሦስት ፊደላት ‹አሴረ፣ ተንኮል ሸረበ› ይላል።

አማርኛ ሁለቱንም ፊት ይዞ ቀርቷል፤ የሚለያቸውም አንድ ምዕላድ ነው። መከሩለት ካልን ለሰውዬው ደግ ታስቦለታል፣ መከሩበት ካልን ግን ጉድጓድ ተምሶለታል። ሥሩ ራሱ ደግም ክፉም አይደለም። የሚናገረው ራሶች መገጣጠማቸውን ነው፤ የተገጣጠሙት ለምን እንደሆነ የሚነግረን ‹ለ› ወይም ‹በ› ነው።

ከዚህ ሥር የሰው ስም ሲወጣ ብዙ መልክ አለው። መካር አለ፤ በኢሳይያስ ትንቢት የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ‹ድንቅ› ብሎ የሚቀጽለው ስም ነው። መካር የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ የሚለው ተረትም የቆመው በዚሁ መልክ ነው። መካሪ አለ፤ ዕለት ተዕለት የምንለው። መምክር አለ፤ ግእዝ ሲያበዛው መማክርት ይለዋል። ይህ ብዙ ቁጥር ከመጻሕፍት ወጥቶ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል፤ የተማሪዎች መማክርት የሚባለው ስለ ምግብ፣ ስለ ዶርምና ስለ ፈተና ከአስተዳደሩ ጋር የሚሟገት ጉባኤ ነው። በዚያው ግቢ ሌላ ቢሮ ደግሞ የተማሪዎች የምክር አገልግሎት ይባላል። ሁለቱ ቢሮዎች የአንድ ሥር ልጆች ናቸው፤ ሥራቸው ግን አይገናኝም። በአንዱ ስለ ብዙኃን ይመከራል፣ በሌላው ከአንድ ሰው ጋር።

ወደ ጎን አንድ እርምጃ። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው የሚለው ተረት ጆሮ ላይ የሚጣፍጠው ምክርና መከራ አንድ ዓይነት ድምፅ ስላላቸው ነው። በግእዝ እርባታቸው ይለያያል። ምክር የወጣው ከመከረ ነው፤ መከራ ግን ከአመከረ፣ ‹ፈተነ› ከሚለው፣ ‹ከ›ው ጠብቆ ከሚነበበው። የጥንቱ መከራ እንግዲህ ፈተና ነበር፤ ኋላ የፈተናው ሕመም ስሙን ወሰደው። የእኛ ሞከረና ሙከራም ከዚሁ ወገን ናቸው። ተረቱ ሁለቱን እርባታ በአንድ ዐረፍተ ነገር አጋጥሞ የሚለው፣ በቃል ያልገባው በፈተና ይገባዋል ነው። የምክር ባለሙያዎች ሥራ በአብዛኛው በእነዚህ ሁለት ቃላት መካከል ነው፤ መከራው ደርሶ ሳይጨርስ መነጋገር።

አማካሪና ሁለተኛው ፊደሉ

አሁን ወደ ዋናው ቃል። አማካሪ ከመካሪ የሚለየው በፊቱ ባለው አ ብቻ አይደለም፤ ሁለተኛው ፊደል፣ የመጀመሪያው የሥር ድምፅ፣ ራብዕ ሆኗል። ይህ ቅርጽ በአማርኛ የታወቀ ሥራ አለው። ተጋቡ፣ አጋባቸው። ተጣሉ፣ አጣላቸው። ተማከሩ፣ አማከረ። ሁለት ሰዎች እርስ በርስ የሚያደርጉትን ነገር እንዲሆን ያደረገ ሁሉ በዚህ ቅርጽ ይጠራል። መካሪ ቃሉን ከራሱ አውጥቶ ለሌላው ይሰጣል፤ አማካሪ ግን በቅርጹ ሲነበብ ምክክር እንዲኖር የሚያደርግ ነው።

ከዚህ የሚደንቅ ደግሞ አለ። የመድኃኒት ማስታወቂያ መጨረሻ ላይ ‹ሐኪምዎን ያማክሩ› ይላል። እዚህ ያማከረው ማነው? በሽተኛው ነው፣ ምክር ፈላጊው። የንግድ ድርጅት በር ላይ ደግሞ ‹የማማከር አገልግሎት› የሚል ይጻፋል፤ እዚህ የሚያማክረው ሰጪው ነው። አንዱ ግሥ ከሁለቱም ወገን ይነሣል፤ ፈላጊውም ያማክራል፣ ተፈላጊውም ያማክራል። መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ይህን ሲያይ ሁለት ፍች ብሎ ቁጥር ይሰጠዋል። እኔ ግን አንድ ፍች ይመስለኛል። ግሡ የሁለት ሰዎች ስለሆነ ባለቤቱን ከማን ወገን ብታነሣ አይሰበርም።

ይህ የእርባታ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በምክር ሙያ ታሪክ ውስጥ ትልቁ ክርክር በመካሪና በአማካሪ መካከል ያለው ልዩነት ነበር፤ የተካሄደው ግን በሌላ ቋንቋ ነው።

ከቆንስል እስከ ካውንስለር

ካውንስለር የሚለውን ቃል ግቢ ውስጥ ሁሉም ይለዋል። እንግሊዝኛው ከፈረንሳይኛ፣ ፈረንሳይኛው ከላቲን ኮንሲሊዩም አመጣው፤ ‹ምክክር፣ ውሳኔ› ማለት ነው፣ ልክ እንደ ግእዙ ምክር። የላቲኑ ግሥ ኮንሱሌሬ የሮማውያን ሹም ኮንሱል ዘመድ ነው። በአማርኛ ቆንስልና ቆንስላ ብለን የወሰድነውም እሱኑ ነው። ፓስፖርት ለማሳደስ የሚሄዱበት ቆንስላና ልብን ለማሳረፍ የሚሄዱበት ካውንስለር አንድ የላቲን ቤት የወለዳቸው ናቸው።

ስሙ ወደ ትምህርት ዓለም የገባበትን ዘመን መያዝ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1908 ፍራንክ ፓርሰንስ የተባለ ሰው በቦስተን ከተማ የሙያ መምረጫ ቢሮ ከፈተ፤ ወጣቶች ከራሳቸው ጠባይና ችሎታ ጋር የሚስማማ ሥራ እንዲያገኙ የሚረዳውን ሰው ካውንስለር አለው። በ1930ዎቹ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ኢ. ጂ. ዊሊያምሰን ይህን ወደ ኮሌጅ ተማሪዎች አመጣው፣ በ1939ም ተማሪዎችን ስለ ማማከር መጽሐፍ አወጣ። የእሱ መንገድ ቀጥተኛ ነበር፤ ባለሙያው ተማሪውን ይፈትናል፣ ችግሩን ይለያል፣ የሚበጀውንም ይነግረዋል። ይህ መካሪ ነው።

በ1942 ካርል ሮጀርስ ስለ ምክርና ሳይኮቴራፒ መጽሐፉን ሲያወጣ ሥራውን ገለበጠው። መልሱ ያለው በመጣው ሰው ውስጥ ነው፤ የባለሙያው ድርሻ ያ ሰው ራሱን እንዲሰማ ሁኔታውን ማመቻቸት ነው አለ። በ1945 ወደ ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ በዚያ የምክር ማዕከል አቋቋመ። ይህ ደግሞ አማካሪ ነው፣ ከነራብዑ። እንግሊዝኛ ለሁለቱም አንድ ስም ስላለው ልዩነቱን ‹ቀጥተኛ› እና ‹ቀጥተኛ ያልሆነ› በሚሉ ቅጽሎች መግለጽ ነበረበት። አማርኛ ቅጽል አያስፈልገውም፤ በግሡ አንጀት ውስጥ አለው።

ግቢ የገባ ተማሪ

ላቲን ካምፑስ ሲል ‹ሜዳ› ነው። የእኛ ተማሪ ግን ግቢ ይላል፣ ከገባ የወጣ፣ አጥር ያለው። ግቢ በቀድሞው አነጋገር የንጉሥ መኖሪያም ነበር። የስድስት ኪሎው ዋና ግቢ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የነበረ በመሆኑ ቃሉ እዚያ በሁለቱም ፍቹ ይሠራል። ዛሬ ‹ግቢ ገባ› ማለት ዩኒቨርሲቲ ጀመረ ማለት ነው፤ ከቤት መውጣቱን ግን ቃሉ አይነግርም፤ የምክር ቢሮው የሚያየው ያንን ያልተነገረውን ነው።

ተማሪ ራሱ የሁለት ግሥ መገናኛ ነው። ግእዝ መሀረ ሲል በሃሌታው ሀ ‹አስተማረ›፣ መሐረ ሲል በሐመሩ ሐ ‹ይቅር አለ› ነው፤ ከአንዱ ትምህርት፣ ከሌላው ምሕረት ወጡ። በአማርኛ የጉሮሮው ድምፅ ሲጠፋ ሁለቱ ተደባለቁ። ተማረ ዕውቀት አገኘም ይሆናል፣ ይቅርታ አገኘም። የመጀመሪያ ዓመት ውጤቱ ወርዶ ዲስሚሳል የፈራ ተማሪ የሚፈልገው ሁለቱንም ነው።

ይህ ተማሪ ግን ‹አማካሪ› የሚለውን ስም በስንት ቦታ ያገኘዋል! ኮርስ ሲመዘግብ የአካዳሚክ አማካሪ ይፈርምለታል። የመመረቂያ ጽሑፉ ሽፋን ላይ ‹አማካሪ፦› ተብሎ የመምህሩ ስም ይሰፍራል። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ደግሞ የሕግ አማካሪ አለው። አንድ ኮሪደር ላይ ‹የአማካሪ ቢሮ› የሚል ጽሑፍ ሲያይ የየትኛው እንደሆነ የሚያውቀው ገብቶ ሲጠይቅ ነው። ‹የተማሪዎች የምክር አገልግሎት› ተብሎ ሲጻፍ ደግሞ ሌላ ነገር ይጠብቃል፤ ተቀምጦ ሊመከር፣ አትጠጣ፣ አትቅር፣ ጠንክረህ አጥና ሊባል። እንዲህ ያለ ምክር ከቤቱ በሻንጣ ሞልቶ አምጥቷል። ስለዚህ በሩን አልፎ ይሄዳል። የስም ስሕተት ሰው ያስቀራል ስል ይህን ማለቴ ነው።

ልቡና፣ አእምሮ፣ ጭንቀት

ባለሙያው የተማረው ትምህርት ሥነ ልቡና ይባላል። ሥን በግእዝ ‹ውበት› ነው፣ ከሠነየ ‹አማረ›። ሥነ ጽሑፍ የጽሑፍ ውበት፣ ሥነ ሕንፃ የሕንፃ ውበት እየተባለ ሄዶ ሄዶ ሥነ የዕውቀት ዘርፍ መጠሪያ ሆነ፤ ውበቱ ተረስቶ ሥርዓቱ ቀረ። ልቡና ደግሞ ከልብ ነው። ለበወ ‹አስተዋለ›፣ ለባዊ ‹አስተዋይ›፣ ልቡና ‹ማስተዋል›። አካድኛ ሊቡ፣ ዕብራይስጥ ሌብ፣ ዐረብኛ ሉብ፤ ሴማውያን በሙሉ ሐሳብን ያስቀመጡት ደረት ውስጥ ነው። አማርኛም ልብ አለ፣ ልብ ገዛ፣ ልብ ወለድ ይላል፤ ሦስቱም ስለ ሐሳብ ናቸው።

አእምሮ ሌላ መንገድ አለው። ግእዙ አእመረ ‹ዐወቀ› ነው፤ አእምሮ ‹ማወቅ› ነበር፣ አሁን የማወቂያው ስፍራ ሆነ። ተአምርም የዚሁ ሥር ልጅ ነው፣ መነሻ ፍቹ ‹ምልክት›፣ የሚታወቅበት። እንግዲህ ሥነ ልቡና የማስተዋል፣ ሥነ አእምሮ የማወቅ ትምህርት ናቸው፤ በልማድ ግን የመጀመሪያው የሳይኮሎጂ፣ ሁለተኛው የሳይካትሪ ሆኑ። ክፍፍሉ በሥራም አለ። የሥነ አእምሮ ሐኪም ሕክምና የተማረ ነው፣ መድኃኒት ያዝዛል። በአገራችን በዚህ ሙያ የስፔሻሊቲ ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። የምክር ባለሙያው መድኃኒት አያዝዝም። መድኃኒት የሚያስፈልገውን ለይቶ ሪፈር ይጽፋል፤ ይህን መለየት መቻል ከብቃቱ አንዱ ነው። ሪፈርም ላቲን ነው፣ ሬፌሬ፣ ‹መልሶ ወሰደ›።

ሐኪም የሚለው ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ መነሻው ‹ጥበበኛ› ነው። አማርኛ ከዚህ አከመ፣ ታከመ፣ ሕክምና ብሎ አረባው፤ ብድር መሆኑ እስኪረሳ ድረስ። ከጎኑ አዋቂ የሚለውን እናስቀምጥ። ዐወቀ፣ አዋቂ፤ ፍቹ ከሐኪም ጋር አንድ ነው። ግን ‹አዋቂ ቤት ሄደች› ሲባል ማንም ሆስፒታል አይመስለውም። ሁለት ጥበበኞች፣ አንዱ ነጭ ጋውን ለበሰ፣ ሌላው መጋረጃ ጋረደ። ወላጆች ስለ ልጃቸው ሲጨነቁ ከአዋቂ፣ ከጠበልና ከሐኪም ሦስቱንም በየተራ ያስባሉ። ጥሩ ካውንስለር ይህን ያውቃል፤ ተማሪውን ካለፈበት ሁሉ ጋር ይቀበለዋል።

ከሁሉም የሚያስፈራው ቃል እብደት ነው። ግእዙ አብደ ‹ሞኝ ሆነ› ሲልም ይሠራል፤ የአማርኛው አበደ ግን ለስላሳውን ፍች ጥሎ ከባዱን ብቻ ያዘ። ‹እኔ አላበድኩም› የሚለው መልስ ስንት ተማሪ ከደጃፍ መልሷል።

ወደ ቢሮው የሚመጣው ግን በአብዛኛው ጨነቀኝ ወይም ደበረኝ ብሎ ነው። ጨነቀ የጥበት ቃል ነው። ከዚያው ተጨናነቀ፣ የትራፊክ መጨናነቅ፣ የምጥ ሌላ ስም የሆነው ጭንቅ ይወጣሉ። የላቲኑ አንጌሬም ‹አነቀ፣ አጠበበ› ነበር፤ እንግሊዝኛ የጭንቀትን ስም ያወጣው ከእሱ ነው። ሁለት የማይተዋወቁ ቋንቋዎች አንድ ስሜት በአንድ መንገድ ሰየሙ፤ ምክንያቱ ደረት የሚጠበው ሮምም ጎንደርም አንድ ዓይነት ስለሆነ ነው።

ደበረኝ ከባድ ነው፣ ብዙ ስለሚሸከም። ኔትወርክ ሲጠፋ ደበረኝ፣ ሌክቸር ሲረዝም ደበረኝ፣ መኖር ሲያስጠላም ደበረኝ። ባለሙያዎች ሕመሙን ለመለየት ድባቴ ይሉታል፣ ድብት አለኝ ከሚለው። ድብርትና ድባቴን መለየት የጆሮ ሥልጠና ይጠይቃል። ስሜቱ ስንት ጊዜ ቆየ? አብዛኛውን ቀን፣ ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ነው? የሚወደውን ኳስ ትቷል? እንቅልፉስ፣ ምግቡስ? ራሱን ስለ መጉዳት አስቦ ያውቃል? ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ በግልጽ፣ ሳይሸማቀቁ መጠየቅ የሙያው ግዴታ ነው፤ መጠየቁ ሐሳቡን አይዘራበትም፣ ተማሪው ብቻውን እንዳይሸከመው በር ይከፍትለታል እንጂ።

መዓርግና ፈቃድ

ማን ነው ይህን የሚችል? ዲግሪ ያለው ይባላል። ዲግሪ በላቲን ግራዱስ፣ ‹እርምጃ፣ ደረጃ› ነው። ግእዝም ከዐርገ ‹ወጣ› መዓርግ ብሎ፣ መወጣጫውን የክብር ስም አድርጎታል፤ ዕርገት የዚሁ ቤተሰብ ነው። ለዩኒቨርሲቲ ምክር ሥራ በብዙ አገር የሚጠበቀው ሁለተኛ ዲግሪ ነው፣ በካውንስሊንግ ሳይኮሎጂ ወይም በተቀራራቢ ዘርፍ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ትምህርቱ በዚሁ ስም ይሰጣል። በአሜሪካ የምክር ትምህርት ክፍሎችን የሚመዝነው ካክሬፕ ከክፍል ትምህርቱ በተጨማሪ የ100 ሰዓት ልምምድና የ600 ሰዓት የሥራ ላይ ሥልጠና ይጠይቃል፤ ከ600ው 240ው ከሰው ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚሠራ መሆን አለበት። ሙያ በልብ ነው ይባላል፤ ይህ ሙያ ግን በልብ ብቻ አይታመንም፣ ሌላ ሰው እያየው ይሠራበታል።

ያ የሚያየው ሰው ሱፐርቫይዘር ነው። ላቲኑ ከላይ ሆኖ ‹ተመለከተ› ይላል፤ እኛ ክትትል እንላለን፣ ከተከተለ፣ ከኋላ። አንዱ ከላይ ያያል፣ ሌላው ከኋላ ይሄዳል፤ ለጀማሪ ባለሙያ የሚጠቅመው ሁለተኛው ነው፣ ቢሰናከል የሚደግፈው።

ከዚያ ፈቃድ ይመጣል። ግእዝ ፈቀደ ሲል ‹ወደደ፣ ፈለገ› ነው፤ ፈቃድ ፍላጎት ነበር። በአማርኛ የበላይ ፍላጎት ለበታች መብት ሆነና ፈቃድ ‹ይሁን መባል› ሆነ። በምክር ክፍል ውስጥ ሁለቱም ፍቾች አብረው ይሠራሉ። ባለሙያው የሙያ ፈቃድ ይዞ ይቀመጣል፤ ተማሪው በፈቃዱ ይመጣል፣ ምን እንደሚደረግና እስከ የት እንደሆነ ተነግሮት ፈቃዱን ይሰጣል። ሁለተኛው ሲጎድል የመጀመሪያው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ወረቀት ብቻ ነው።

ምሥጢር የግሪክ ነው፣ ሚስቴሪዮን፤ ‹ዘጋ፣ ጨፈነ› ከሚለው ግሥ። ግእዝ ተቀብሎት አመሠጠረ እስኪል ድረስ የራሱ አደረገው። የምክር ባለሙያ አፍ የተዘጋ ነው። የተነገረውን ለዲን፣ ለመምህር፣ ለወላጅ አያወጣም። የሚከፈተው የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅና ሕግ ሲያስገድድ ነው፤ ይህንንም ወሰን በመጀመሪያው ቀን ይናገራል። የንስሐ አባት ልማድ ያለው ሕዝብ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ኑዛዜ የሚለው ቃል ራሱ ምስክር ነው፤ ግእዙ ናዘዘ መጀመሪያ ‹አጽናና› ነው፣ መናዝዝም አጽናኝ። ማጽናናቱ ኀጢአት ከመስማት ጋር ስለተያያዘ ተናዘዘ ‹በደሉን ተናገረ› ሆነ፤ ሰው ሊሞት ሲል ስለሚናዘዝ ደግሞ ኑዛዜ የውርስ ቃል ሆነ። ከመጽናናት ተነሥቶ ውል ፊት የደረሰ ቃል ነው። የምክር ባለሙያው ከካህኑ የሚለየው ኀጢአት ሰምቶ ባለመፍታቱ ነው፤ የሚጋራው መነሻ ፍቹን ነው።

መስማት ስል፣ አዳመጠ የሚለውን ግሥ እንየው። ከድምፅ የወጣ ነው፣ በዚያው በአማከረ ቅርጽ፤ ፊቱ አ፣ ሁለተኛው ፊደል ራብዕ። ሰማ ጆሮ ሳይወድ የሚያደርገው ነው፤ አዳመጠ ግን ሆን ተብሎ ነው። የሙያው ዋና ችሎታ በዚህ ግሥ ውስጥ አለ።

የመጣው ሰው ማን ይባል?

ላቲን ፓቲየንስ ‹የሚሠቃይ› ነው፤ የእኛ ታማሚም ከሐመ፣ ከሕማም ነው። ሮጀርስ ይህን ትቶ ክላየንት አለ። በአማርኛ ደንበኛ ሲሉት ይሰማል፣ ከደንብ፣ በደንብ የሚመላለስ፤ ግን የሱቅ ሽታ አለው። ተገልጋይ የቢሮ ቃል ነው፣ መስኮት ፊት ተሰልፎ የሚታይ። ታካሚ ሕመምተኛ ያደርገዋል፤ የሚመጣው ሁሉ ግን አልታመመም። የትምህርት ክፍል ምርጫ የከበደው አለ፣ ከዶርም ጓደኛው ጋር የተጣላ አለ፣ ዘመድ የሞተበት አለ።

ቃሉ ተማካሪ ይሁን። ተማከረ ውስጥ ሁለቱም ወገኖች ሠራተኞች ናቸው፤ አማካሪው ምክክሩን ያስነሣል፣ ተማካሪው ይመክራል፣ ዕቅዱን ዐቅዶ የሚቆርጠውም እሱ ነው፤ ግእዙ መከረ ያለው ሁሉ የእሱ ድርሻ ነው። የቢሮው ስምም ከ‹ምክር› ወደ ‹የምክክር አገልግሎት› ቢዞር ተማሪው ምን እንደሚጠብቀው ከበሩ ላይ ያነብባል። የምክር አገልግሎቶችን የሚመዝነው ዓለም አቀፍ ማኅበር ከ1,000 እስከ 1,500 ተማሪ ለሚሆን ቁጥር አንድ የሙሉ ጊዜ ባለሙያ ይመክራል። ባለሙያዎቹን ማብዛት በጀት ይፈልጋል፣ ዓመታትም ይወስዳል። በተገቢው ስማቸው መጥራት ግን ከነገ ጠዋት ጀምሮ ይቻላል።